ፊቱ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፣ ሽንቱ ኮካ ይመስላል

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እህቴ ቤይሩት ትሠራለች፤ የ7 ዓመት ልጇን የማሳድገው እኔ ነኝ። ጥቅምት 3 ጉሮሮውን አሞት አተኮሰው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ሰጠሁት፤ ሲሻለው በ3ኛው ቀን አቋረጥኩት። ጥቅምት 18 ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ ተነሳ። ሽንቱም ኮካ መሰለ። ጎረቤቴ ‹ምች ነው› ብላ ዳማ ከሴ ጨመቀችለት። ሌላዋ ደግሞ ድሮ እንጥሉ መቆረጥ ነበረበት አለችኝ። ጤና ጣቢያ ሽንቱን አይተው ‹የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው› ብለው አንቲባዮቲክ አዘዙለት። ለውጥ የለም። የግል ክሊኒክ ስወስደው ‹ከጉሮሮው ሕመም የመጣ የኩላሊት መቆጣት ነው› አሉኝ። ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ ሽንት ላይ ደም 3 ፕላስ፣ ፕሮቲን 1 ፕላስ፣ ነጭ የደም ሴል ከ8 እስከ 10፣ ናይትራይት ኔጌቲቭ። ክሬቲኒን 1.0። ኤኤስኦ ፖዘቲቭ። ሲ3 ዝቅተኛ። አልትራሳውንዱ ሁለቱም ኩላሊቶች ላይ ለውጥ አለ ይላል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለበት ያለኝም አለ። ማንን ልመን? ከኩላሊቱ ናሙና ይወሰድ ወይ? እህቴ ‹የልጄ ኩላሊት ሞተ እንዴ› እያለች ሌሊቱን ሙሉ ትደውላለች። መድኃኒቱን በማቋረጤ ይሆን?»

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ሁለተኛው ክሊኒክ ያለሽ ልክ ይመስለኛል። ልጁን በዓይኔ ሳላየው ቁርጡን መናገር አልችልም። የላክሽልኝ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ይሄ ሕመም ደግሞ በልጆች ላይ ሲመጣ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ለእህትሽ ይህችን ብቻ ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ትንሽ ትተኛ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሽንት አለ፣ ደም አለ፣ አልትራሳውንድ አለ። የደም ግፊት ግን የለም። ተለክቶ ሳትጽፊልኝ ቀርተሽ ከሆነ ደህና። ካልተለካ ግን ይህን ጽሑፍ ማንበብሽን ትተሽ ልጁን ይዘሽ ሂጂ። በዚህ ሕመም ልጅን ቶሎ የሚጎዳው በሽንት የሚወጣው ደም አይደለም። ኩላሊቱ ጨውና ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይወጣል። ሳይታወቅ በጣም ከወጣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ፣ ሲብስም እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በየሆስፒታሉም ይገኛል። ግን ያልተለካ ግፊት አይታከም።

ስታስለኪ ሁለት ነገር አስተውዪ። አንደኛ፣ ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ የልጅ ልክ መሆን አለበት። የትልቅ ሰው ጨርቅ በቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። «ደህና ነው» ተብለሽ ትሸኚያለሽ። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ጠይቂና ጻፊው። 120/80 ለእኔና ለአንቺ ምንም አይደለም። ለ7 ዓመት ልጅ ግን ከፍ ያለ ነው። ነርሷ «ኖርማል ነው» ብትልሽም ስንት እንደሆነ ትንገርሽ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

እሺ፣ ወደ ምርመራው። ይህን ሕመም ለመለየት ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ምንም ብር አያስከፍልም፤ አንቺው ጽፈሽልኛል። ጉሮሮው የታመመው ጥቅምት 3 ነው። ፊቱ ያበጠው ጥቅምት 18። በመሃል 15 ቀን አለ። ልጁ ድኗል፣ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ተጫውቷል፣ ከዚያ ነው ኩላሊቱ የታመመው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ካሳመመ በኋላ ኩላሊት እስኪቆጣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። መነሻው የቆዳ ቁስል ከሆነ ይረዝማል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ባለፈው ወር ምን አሞት ነበር?» ነው። የዛሬውን ብቻ የጠየቀ ሐኪም መልሱን አያገኘውም። እናቶችም ሳይጠየቁ አይናገሩትም፤ የዳነ ጉሮሮ ማን ያስታውሳል?

መዘግየቱ ምክንያት አለው። ባክቴሪያው ኩላሊት ውስጥ ገብቶ አይደለም። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት መከላከያ ያመርታል፤ ይሄ ቀናት ይወስዳል። ያ መከላከያና የባክቴሪያው ቁራጮች ተጣብቀው ደም በሚጣራበት የኩላሊት ክፍል ላይ ይቀመጣሉ። እንደ ወንፊት አስቢው፤ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው አይወርድም፣ የተቀደደበት ቦታ ካለ ደግሞ መውረድ የሌለበት ይወርዳል። ለዚህ ነው ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያብጠውም ደም የሚሸናውም። አንቲባዮቲኩ ያልሠራለትም ለዚህ ነው፤ ኩላሊቱ ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ የለም።

ደሙና የጉሮሮ ሕመሙ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ልዩነት መጥተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር አስብ ነበር። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባል የኩላሊት ሕመም አለ። እሱ ጉንፋን በመጣ ቁጥር፣ ወዲያው፣ ሽንትን ደም ያደርጋል፤ ሲ3 የሚባለውን የደም ፕሮቲንም አይቀንስም። ልጁ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ካወቀ ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ብዙ ነገር ይቀይራል።

ጤና ጣቢያዎቹን ብዙ አልፈርድባቸውም። ሽንቱ ላይ ነጭ የደም ሴል አይተዋል፤ ነጭ ሴል ሲታይ ደግሞ እጅ ወደ አንቲባዮቲክ ይሄዳል። ግን የተቆጣ ኩላሊትም ያለ ምንም ኢንፌክሽን ነጭ ሴል ያወጣል። ብዙዎቹ የሽንት ቧንቧ ባክቴሪያዎች ሽንት ውስጥ የሚያመጡት ናይትራይትም ኔጌቲቭ ነው። ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል ብለሽ አልጻፍሽም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ፊት አያሳብጥም። እብጠቱ ብቻውን ሐሳባቸውን ማስቀየር ነበረበት ባይ ነኝ።

የሽንት ምርመራው ራሱ በደንብ ከተሠራ ብዙ ይናገራል። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት «ደም አለ» ይላል እንጂ ደሙ ከየት እንደመጣ አይነግርሽም። ከኩላሊቱ ማጣሪያ የመጣ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ቅርጻቸው የተጣመመ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በቀጭኑ የኩላሊት ቱቦ ቅርጽ ተጣብቀው ይወጣሉ፤ ካስት ይባላሉ። የቀይ ደም ሴል ካስት ከታየ ደሙ ከፊኛ ሳይሆን ከኩላሊት ነው። ካስት ግን ቶሎ ይፈርሳል። ጠዋት ከቤት ይዘሽው ወጥተሽ፣ ተሰልፈሽ፣ ከሰዓት የታየ ሽንት ላይ አትጠብቂው። እዚያው ላብራቶሪ ይሽና፣ እዚያው ወዲያው ይታይ። ደህና የላብራቶሪ ባለሙያ በዚህች ጉዳይ ከትልቅ ማሽን ይበልጣል። (እንደ አውሮፓውያን በ1827 ስለ ኩላሊት ሕመም የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሽንትን በማንኪያ አድርጎ በሻማ እያሞቀ ነበር ፕሮቲን የሚፈልገው። መሣሪያው ይህችው ብቻ ነበረች።)

ኮካ የመሰለ ሽንት ሁሉ ግን ኩላሊት አይደለም። ጉበት ሲታመምም ሽንት ይጠቁራል፤ ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ቀይ ሥር የበላ ልጅ ደግሞ ሐምራዊ ሊሸና ይችላል። በቢልሃርዚያ ደም የሚሸኑ ልጆችም አሉ፤ ይሄኛው ዓይነት እንደ አዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ ባሉ ቆላ ቦታዎች የሚገኝ ነው፣ ደሙም በሽንቱ ማብቂያ ላይ ይበዛል፣ ፊትም አያሳብጥም። ልጁ እንዲህ ያለ ቦታ ኖሮ ወይም ወንዝ ውስጥ ዋኝቶ ከሆነ ተናገሪ፤ ካልሆነ እለፊው። ሌላው ከዚህ ጋር የሚምታታው ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ነው፤ ኩላሊት ብዙ ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስበት ሕመም። እሱም ፊት ያሳብጣል። ግን ፕሮቲኑ 3 ወይም 4 ፕላስ ይሆናል፣ ሽንቱም ኮካ አይመስልም። ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ግድ ነው። ለአንቺ ልጅ ሕመም ፕሬድኒሶሎን በተለመደው መንገድ አይሰጥም።

ወደ ደም ምርመራው። «ኤኤስኦ ፖዘቲቭ» ማለት ልጁ ከስትሬፕቶኮከስ ጋር በቅርቡ ተገናኝቶ ነበር ማለት ብቻ ነው። ብዙ ጤነኛ የተማሪ ቤት ልጆች ላይም ከፍ ብሎ ይገኛል። ለወራት ከፍ እንዳለ ሊቆይም ይችላል። በራሱ ሕመም አይደለም፤ «ኤኤስኦ አለበት» የሚባል በሽታ የለም። መነሻው የቆዳ ቁስል ሲሆን ደግሞ ላይጨምር ይችላል።

በየወሩ መርፌ ያሉሽም ከዚሁ ውጤት ተነስተው ይመስለኛል። የወር መርፌ የሚሰጠው የሩማቲክ ትኩሳት ለያዘው ሰው ነው፤ የልብን በር እንዳይጎዳ። ያ ሌላ ሕመም ነው፣ ምንም እንኳ መነሻ ባክቴሪያው አንድ ቢሆን። ከጉሮሮ የመጣ የኩላሊት መቆጣት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ የወር መርፌ አያስፈልገውም። ልጁ መገጣጠሚያው አብጦ ካላመመውና ሐኪሙ ልቡ ላይ ምንም ካላገኘ፣ መርፌውን ለምን እንደሚያዝዙለት ጠይቂ። ጉሮሮው ላይ ባክቴሪያው አሁንም ካለ ግን ለእሱ አንድ ዙር ፔኒሲሊን ይሰጠዋል፤ ይሄ ኩላሊቱን ለማዳን ሳይሆን ባክቴሪያውን ከቤታችሁ ለማጥፋት ነው።

ሲ3 ግን ክብደት አለው። ሲ3 ሰውነት በዚህ ፍልሚያ የሚጠቀምበት ፕሮቲን ነው። ኩላሊቱ ላይ ፍልሚያው ሲካሄድ ስለሚያልቅ በደም ውስጥ ይቀንሳል። ይህ ሕመም ከያዛቸው 10 ልጆች በ9ኙ አካባቢ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ሲ3 የሚቀንሱ ሌሎች ሕመሞችም አሉ፤ ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም፣ አንዱ ነው፣ ሲ3ውን ለወራት ዝቅ አድርገው የሚያቆዩ ሌሎች የኩላሊት ሕመሞችም አሉ። የሚለያቸው ሁለተኛው ምርመራ ነው። የአንቺ ልጅ ዓይነት ከሆነ ሲ3 ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጥቅምት 18 ብትቆጥሪ 8 ሳምንቱ ታኅሣሥ 14 ላይ ይሞላል። ያኔ ይደገም። እስከዚያ በየሳምንቱ እየደጋገምሽ ብርሽን አትጨርሺ፤ እህትሽ በስንት መከራ የምትልከውን። አንዳንዱ ሲ3ውን አንዴ አሠርቶ፣ ልጁ ሲሻለው በዚያው ይቀራል። እኔ ግን ምርመራው የሚዘጋው በሁለተኛው ነው እላለሁ።

ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊቱ ሲደክም ደም ውስጥ ይጨምራል። የልጁ 1.0 ነው። ወረቀቱ ላይ ምናልባት «ኖርማል» የሚል ተጽፎበት ይሆናል፤ ብዙ ላብራቶሪ የሚያትመው የትልቅ ሰው ልኬት ነው። ለ7 ዓመት ልጅ ግን ከ0.7 በላይ ሲሆን ኩላሊቱ ሥራው ቀንሷል ማለት ነው። አትደንግጪ፤ በዚህ ሕመም የሚጠበቅ ነው፣ ይወርዳልም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደገም፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ሊከማች ከሚችለው ፖታሲየም ከሚባለው ማዕድን ጋር። እየወረደ ከሆነ መንገዱ ጥሩ ነው። እየወጣ ከሆነ ልጁ ሆስፒታል ይተኛ።

አልትራሳውንዱ «ለውጥ አለ» ማለቱ ኩላሊቱ ሞቷል ማለት አይደለም። የተቆጣ ኩላሊት በአልትራሳውንድ ትንሽ አበጥ ብሎና ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲድን ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ተጨማትሮ፣ አንሶ ነው የሚታየው። ሪፖርቱ ላይ መጠኑን እይ፦ ለዕድሜው ልክ ነው ወይም ትልቅ ነው ካለ ለእህትሽ የምሥራች ነው።

ናሙናውን በተመለከተ አሁን አያስፈልግም። በመርፌ ከኩላሊት ሥጋ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ታሪኩ እንዲህ ግልጽ ሲሆን የሚጨምረው ነገር የለም። ሐሳቤን የሚያስቀይሩኝ ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ክሬቲኒኑ በቀናት ውስጥ እየዘለለ ከወጣ፣ ፕሮቲኑ በጣም ከበዛ፣ ሲ3ው በ12ኛው ሳምንት ማለትም ከጥምቀት ማግስት በኋላም ዝቅ እንዳለ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ካመጣ። ያኔ ወደ ልጆች የኩላሊት ሐኪም ይላክ፤ አዲስ አበባም ቢሆን መሄድ ይገባል።

መድኃኒቱን ማቋረጥሽ ነው ወይ ብለሽኛል። አይደለም ብዬ ልመልስልሽ። አንቲባዮቲክ ሙሉ ቢወሰድም ይህን የኩላሊት መቆጣት ለመከላከል ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። 10 ቀን ሙሉ ይወሰድ የምንለው በዋናነት ልብን ከሩማቲክ ትኩሳት ለማዳን ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ጨርሺው፤ ለዚህኛው ግን ራስሽን አትክሰሺ። ጎረቤትሽ ያለችሽን እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ፣ እንኳን ሳታስቆርጪው ቀረሽ። ከመድማትና ከኢንፌክሽን በቀር የሚያመጣለት ነገር አልነበረም።

ቤት ውስጥ የምትሠሪው ነገር አለ፤ ትልቁ የሰዎችን ምክር አለመስማት ነው። «ኩላሊቱ እንዲታጠብ ውሃ በብዛት ይጠጣ» የሚልሽ አይጠፋም። የገብስ ውሃ፣ የአብሽ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ለጠጠር የሚሆን ምክር ለዚህ ልጅ አደጋ ነው። ውሃ ማውጣት ያቃተው ኩላሊት ላይ ውሃ ስትጨምሪ ግፊቱና እብጠቱ ይጨምራል፣ ሳንባውም ውሃ ሊይዝ ይችላል። በቀን ስንት ይጠጣ የሚለውን ሐኪሙ እንደሚወጣው የሽንት መጠን ይወስንልሻል። ሽንቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ለኪው፤ ጠርሙሱ ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ተጽፏል። በየጠዋቱ ከሸና በኋላ ክብደቱን መዝኚ። ኪሎው ሲወርድ እብጠቱ እየሄደ ነው፣ ደስ ይበልሽ። ጨው አቁሚ፦ ወጡ ከጨው በፊት ይጨለፍለት፣ ቋንጣ፣ ችፕስና የታሸገ ሾርባ ይቅር። ፖታሲየሙ ከፍ ካለ ሙዝና ብርቱካንም ይቆማሉ። ቢያመው ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም አይሰጠው፤ ሁለቱም ለታመመ ኩላሊት ጥሩ አይደሉም። የማይታወቅ ቅጠል ተቀቅሎ ወይም ተጨምቆ አይጠጣ።

ራሱን አጥብቆ ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ካደናገረው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው ወይም ግማሽ ቀን ሙሉ ካልሸና ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። ጠዋት ይሻለዋል ብለሽ አትጠብቂ።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል? እብጠቱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይሄዳል። ሽንቱም በዚያው ገደማ ይጠራል። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ግን እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን ሳታውቂ ብትቀሪ በየምርመራው ትደነግጫለሽ፤ አዲስ መድኃኒት የሚያዝልሽም አይጠፋም። ግፊቱ ደህና ከሆነ፣ ፕሮቲኑም ከጠፋ፣ ያቺ ትንሽ ደም ብቻዋን መድኃኒት አትፈልግም። ግፊትና ሽንት ግን በቀጠሮው እየታየ ይቆይ።

ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች ካሉ ጉሮሯቸውንና ቆዳቸውን እይላቸው። ከአፍና ከአፍንጫ ዙሪያ ወይም እግር ላይ የማር መልክ ባለው ቅርፊት የሚሸፈን ቁስል፣ ወይም ታክኮ የቆሰለ እከክ ካለ በዚያም በኩል ይሄው የኩላሊት መቆጣት ሊመጣ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር በአማራ ክልል እከክ በተዛመተ ጊዜ ካሳሰበን ነገር አንዱ ይሄ ነበር። እከክ ካለ ልጁ ብቻውን ታክሞ አይሆንም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ይቀባ፣ አንሶላና ልብሱም በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠብ።